«ምን ሆነ?» ወይስ «ምን ልስጥህ?»፦ ያገለገለ ሞተርና የመርካቶ ታሪክ

ያገለገለ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ሳምንት በመንዳት፣ ሁለተኛውን በመግፋት ያሳልፋል። ጠዋት አልነሳም ይላል። በስንት ርግጫ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሻጩ ስልክ አያነሳም፤ ደላላው «ስትገዛው አይተኸው የለም ወይ?» ይላል። ገዢው ዕቃ ለማድረስ ሥራ ብሎ የዕቁብ ገንዘቡንና የዘመድ ብድር ያፈሰሰበት ወጣት ከሆነ፣ ሞተሩ ሲቆም የዕለት ገቢውም አብሮ ይቆማል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራና አካባቢው ነው። እዚያ ሲደርስ የሚቀበለው ጥያቄ በአብዛኛው «ምን ሆነ?» የሚል አይደለም። «ምን ልስጥህ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው የመካኒክ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የነጋዴ። መርካቶ ሁለቱንም አንድ ላይ አሳድጎ ለምን አንደኛውን እንዳስበለጠ ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ያንቀሳቀሰውን፣ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች የተሰለፉበትን ጦር ይዞ ከተማዋ ገባ። የፋሺስቱ አስተዳደር አዲስ አበባን በዘር ለመክፈል ሲያቅድ አራዳን ለነጮች አስቀርቶ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። ስሙንም «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አለው፤ የአገሬው ሰው ገበያ እንደ ማለት ነው። «ኢንዲጄኖ» የሚለው ወድቆ «መርካቶ» ቀረ።

ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ተሸንፎ ሲወጣ ተሽከርካሪው፣ ጋራዡና የጋራዡ ቋንቋ እዚሁ ቀሩ። እንግሊዞች ጣሊያኖችን በሙሉ ከአገር ለማስወጣት ሲጣደፉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባለሙያዎቹ እንዲቆዩ ይፈልጉ ነበር። ከቀሩትም መካከል መካኒኮች፣ አናጺዎችና ግንበኞች ነበሩበት። ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣሊያንኛ የማያውቅ የመርካቶ መካኒክ ቀኑን ሙሉ በጣሊያንኛ ስሞች ሲሠራ ይውላል። ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ በትውልድ አገሩ ሻማ ማለት ነው። የጭስ ማውጫው ማርሚታም እዚያ ድስት ማለት ጭምር ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ ሁሉም የዚያው ዘመን ልጆች ናቸው። ሙያተኞቹም እንደ ዕቃዎቹ ናቸው፤ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ የተጨረማመተ ቆርቆሮ የሚያቃናው ባቲላሜራ ይባላል። ከዓመታት በኋላ ሆንዳና ያማሃ ከጃፓን፣ ባጃጅና ቲቪኤስ ከህንድ ሲመጡ ስያሜው አልተለወጠም። ህንድ ውስጥ የተገጣጠመ ሞተር መርካቶ ላይ የሚፈታው በጣሊያንኛ ነው።

ይህን እንደ ጣሊያን ውለታ የሚቆጥሩ አሉ፤ ተሳስተዋል። ፋሺስቱ ሐበሻን መካኒክ ሊያደርግ አልመጣም። ሙያው የተወሰደው መፍቻ በሚያቀብል ልጅ ዓይን ነው፤ ልጁ እያቀበለ አየ፣ እያየ ያዘ። ከነፃነት ማግስት፣ በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሙያውን በክፍል ውስጥ ማስተማር ቢጀምርም፣ የመርካቶው መንገድ ያው የማቀበልና የማየት መንገድ ሆኖ ቆየ።

በዚህ መንገድ የተገራ መካኒክ የሚታወቀው ከመፍታቱ በፊት በመጠየቁ ነው። እንቢ የሚለው ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? በድንገት ነው የሚጠፋው ወይስ እየተንተፋተፈ? ስንት ጊዜ ቆሞ ከረመ? የሚጠይቀው ለወግ አይደለም። ሞተር እንዲነሳ በልክ የተቀላቀለ ነዳጅና አየር፣ በሰዓቱ የሚደርስ ብልጭታና የማያፈስ የሲሊንደር ግፊት ያስፈልጉታል። ብልሽቱ ከእነዚህ በአንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ አንዲት ሳንቲም አይወጣም።

ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ይበቃል። ጥቀርሻ የለበሰና ደረቅ ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ነዳጅ አንሶታል። ዘይት ከነካው ሲሊንደሩ ውስጥ የማይገባ ዘይት እየገባ ነው። ብዙ ተረግጦም ደረቅ ከወጣ ነዳጁ ጭራሽ አልደረሰም። ከዚያ ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አያይዞ፣ ብረቱን ከሞተሩ አካል አስነክቶ ሲረገጥ ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። ግፊቱ ደካማ መስሎ ከታየ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መሞከር ነው፤ ግፊቱ ከጨመረ ያለቀው የፒስቶኑ ፋሻ ነው፣ ካልጨመረ ቫልቩ ጋ መሄድ ይገባል። የነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ ያለች ትንሽ የአየር ቀዳዳ በአቧራ ስትደፈን ደግሞ ሞተሩ አሥር ደቂቃ ሄዶ ይቆማል፣ ትንሽ ሲያርፍ ይነሳል፣ እንደገና ይቆማል። በዚህች ቀዳዳ ምክንያት ካርቡሬተር የለወጠ ሰው ቢኖር አያስገርምም።

አዲስ አበባ የራሷ ጣጣም አላት። ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ነዳጁን እንደ ቆላው ይለቃል፤ አየሩ ግን አይመጣጠንለትም። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይከብዳል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ነዳጅ ይበላል። ጤነኛ ሞተርም ቢሆን ደጋ ላይ ከጉልበቱ ይቀነስበታል። ይህን የማያውቅ ገዢ «ሞተሩ አርጅቷል» ይባልና ያላረጀ ፒስቶን ያስለውጣል። መፍትሔው ግን ነዳጅ የምትለካውን የናስ ቀዳዳ በጠበበች መተካት ሊሆን ይችላል፤ ከጥፍር የማትበልጥ ዕቃ ናት።

ከተፈጥሮው ሌላ የመንግሥት ውሳኔም ሞተር ያበላሻል። ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ አገደ። የተሰጠው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ዘረፋ መበራከቱ ነበር። ዘረፋው እውነት ነበር፤ ነገር ግን በሞተር እንጀራውን የሚያበስለው ከዘራፊው ጋር ተደምሮ ቆመ። ክርክሩ ስለ ወንጀልና ስለ መብት ብቻ ስለነበር ታንኩ ውስጥ ስለሚሆነው ያሰበ የለም። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍሉ ይተናል፤ የቀረው ወደ ሙጫ ተለውጦ የካርቡሬተሩን ጠባብ ቀዳዳዎች ይዘጋል። ታንኩ ከውስጥ ይዝጋል፣ ባትሪው ይሞታል፣ ጎማ ነክ ክፍሎች ይሰነጠቃሉ። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ የሆነ ሞተር «ብዙም አልተነዳም» ተብሎ ሲሸጥ ገዢው ይደሰታል። አለመነዳቱ ራሱ በሽታ ሊሆን እንደሚችል አይነገረውም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዕውቀት እያለ ለምን «ምን ልስጥህ?» አሸነፈ? መልሱ ከሒሳቡ ላይ ይገኛል። መካኒኩ ለመመርመሩ የሚከፍለው የለም፤ የሚከፈለው ለገጠመው ነው። ባለ ሱቁም የሚያተርፈው ከሸጠው ነው። ካርቡሬተር አጥቦ፣ የታንክ ክዳን ጠርጎ የሚልክ መካኒክ «ምን ሠራህና ነው ይሄን ያህል?» ይባላል። ካርቡሬተሩን በሌላ የለወጠ ግን ዕቃውን እያሳየ ይቀበላል። ምርመራ እንደ ሥራ ስለማይቆጠር መርማሪው ቀስ በቀስ ወደ ዕቃ ለዋጭነት ዞረ። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ሲጨመርበት ደግሞ የሚለወጠው ዕቃ ራሱ ከሌላ ከተፈታ ሞተር የወጣ ወይም አስመስሎ የተሠራ ይሆናል። አንዱ የሌላውን ሕመም ይወርሳል።

ሶማሌ ተራ በከተማው አፍ ውስጥ ከስርቆት ጋር መነሳቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግን ፍትሐዊም አይደለም። አውሮፓ ውስጥ እንደ አዲስ ነገር የሚሰበከውን «መልሶ መጠቀም» ምናለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ እየቀጠቀጠ ሲሠራበት የኖረ ነው። በመፍታትና በመግጠም የሚኖር ገበያ ባይኖር ኖሮ ግማሹ የከተማዋ ተሽከርካሪ ድሮ ቆሞ ነበር። አደጋው ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ሊብሬው ላይ የሰፈረው የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ካልተመሳሰለ፣ ገዢው የገዛው የሌላ ሰው ክስ ሊሆን ይችላል። ያን ደግሞ የትኛውም መካኒክ አይጠግነውም።

ለገዢው የሚቆም ሕግ ከጠፋም አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ችግሩ ሕጉ «መርምር» የሚለው ሰው አለመመርመሩ ነው። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ይጠብቀዋል፤ የሞቀ ሞተር ደግሞ ጉዱን ይሸሽጋል። ገዢው ከመርገጡ በፊት እጁን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ሙቀቱን ቢያይና «ሲቀዘቅዝ ተመልሼ እመጣለሁ» ቢል የብዙ ወር ጣጣ ይቀርለታል። ከዚያ በኋላም ያየውን ጽፎ፣ ቀን አስፍሮ ለሻጩ መላክ አለበት። በስልክ የተደረገ ጭቅጭቅ ፍርድ ቤት ፊት ለማስረዳት ይከብዳል።

አሁን ደግሞ ሌላ ለውጥ እየመጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሞተር ሳይክሎችም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ መታየት ጀምረዋል። እነዚህ ካንዴላ የላቸውም፣ ካርቡሬተር የላቸውም፣ ማርሚታም የላቸውም። ሲቆሙ ብልሽታቸው የሚገኘው በባትሪው፣ በገመዱ ወይም ኤሌክትሪኩን በሚቆጣጠረው ሰሌዳ ላይ ነው፤ የሚፈለገውም በመለኪያ መሣሪያ ነው። ዛሬ አዲስ የተገዙት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያገለገሉ ሆነው ይሸጣሉ፤ ገዢያቸውም ሲቆሙበት እየገፋ እዚያው መርካቶ ይመጣል። እስከዚያ ድረስ መለኪያ ይዞ «ምን ሆነ?» የሚል ሰው ካልተገኘ ባለ ሱቁ የሚያቀርብለት ሙሉ ባትሪ ይሆናል፤ ከሞተሩ ውስጥ ውዱ ዕቃ ደግሞ እሱ ነው።