ሁለት ጥላ

የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ሁላችንም ስለ ዓድዋ እንጽፋለን። እኔም ልጽፍ ነው፤ ግን ስለ ጥይቶቹ፣ ያውም ጣሊያኖቹ በሰውነታቸው ይዘዋቸው ስለሄዱት ጥይቶች።

ሮንትገን ጀርመን ውስጥ ኤክስሬይን ያገኘው ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ከዚያ እስከ ዓድዋ 114 ቀን ብቻ። በዚያው ዓመት ግንቦት ገደማ፣ ናፖሊ በሚገኝ ወታደራዊ ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በኤክስሬይ አንስቶ ጥይቶቹን አገኛቸው። ኤክስሬይ ለጦር ቁስለኛ ሲውል በታሪክ የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ዓድዋ ነበሩና፣ የጥኖራ ተወልጄ ሞጣ የተማርኩት እኔ «አንዷስ የኛ ሰዎች የተኮሷት ትሆን?» ማለቴ አልቀረም።

ለአልቫሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እርሳስ ጨረሩን ድርቅ አድርጎ ስለሚያግድ ጥላው ጥርት ብሎ ይታያል። ከባዱ ጥያቄ «ጥይቱ የት ነው?» ሳይሆን «አጥንቱ ምን ያህል ነው?» የሚለው ነው። እኔም ይህን ያወቅሁት በአያቴ ነው።

ጀርባቸው እየጎበጠ ሲመጣ አቅራቢያችን ካለ ሆስፒታል ወስደናቸው ኤክስሬይ ተነሱ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና «ሳሳ ያለ ይመስላል» አለ። ይመስላል! ያኔ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳነብ ግን ሐኪሙ ልክ ነበር፤ በተራ ፊልም ላይ የአጥንት መሳሳት ለዓይን የሚታየው ከማዕድኑ ከ30 እስከ 40 በመቶ ያህሉ ካለቀ ወዲህ ነው። ደግሞም ፊልም ላይ ያለው ግራጫ ጥላ የሥጋና የአጥንት ድምር ነው። ወፍራም ሥጋ ከስስ አጥንት ጋር፣ ስስ ሥጋ ከወፍራም አጥንት ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሰጡ ይችላሉ።

ይሄን ለማስረዳት ከቢቸና ገበያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። አንድ ማዳበሪያ ጤፍ ሊሸጡላችሁ ነው፤ አሸዋ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ጠርጥራችኋል። ሚዛን ላይ ብቻ ብታወጡት ኪሎውን ታውቃላችሁ፣ አሸዋውን አታውቁም። በጣሳ ብቻ ብትሰፍሩትም ያው። ሁለቱንም ብታደርጉ ግን፣ አሸዋ ከጤፍ ስለሚከብድ፣ ከኪሎውና ከጣሳው ቁጥር ተነስታችሁ የአሸዋውን መጠን ማስላት ትችላላችሁ። የ9ኛ ክፍል ኤክስና ዋይ ማለት ነው፤ ሁለት ያልታወቁ ነገሮች፣ ሁለት እኩልታዎች።

በኤክስሬይም እንዲሁ ነው። ያንኑ አካል አንዴ በደካማ፣ አንዴ በብርቱ ጨረር ታነሱታላችሁ። አጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየም ደካማውን ጨረር ከሥጋ እጅግ አብልጦ ይውጣል፤ በብርቱው ጨረር ግን ልዩነታቸው ይጠባል። ሁለቱን ጥላዎች አስተያይቶ አጥንቱን ከሥጋው መለየት የሚቻለው በዚህ ነው።

እዚህ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቷል። በ1963 እ.ኤ.አ. ዊስኮንሲን ላይ ካሜሮንና ሶሬንሰን በአንድ ጨረር ብቻ ሲለኩ፣ የሥጋውን ውፍረት እኩል ለማድረግ ክንዱን በውሃ ወይም ሥጋ መሰል ነገር መክበብ ነበረባቸው። ለክንድ ይሆናል፤ ለጀርባና ለዳሌስ? ቀጥሎ ሁለት ጉልበት ያለው ጨረር ከራሱ የሚሰጥ ጋዶሊኒየም-153 መጣ፤ ችግሩ ንጥረ ነገሩ በ240 ቀን ገደማ በግማሽ መድከሙ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ሆሎጂክ ኪውዲአር-1000 የተባለውን የኤክስሬይ ማሽን ሲያወጣ ነው ዛሬ ዴክሳ የምንለው መሣሪያ የተስፋፋው።

አሁን ወደ ጤፉ ልመልሳችሁ፤ አንድ ነገር ዘልያለሁ። ስሌቱ የሚሠራው አንድ ጣሳ ንጹሕ ጤፍና አንድ ጣሳ ንጹሕ አሸዋ ስንት ስንት እንደሚመዝኑ አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ብቻ ነው። ካሊብሬሽን የሚሉት ይሄንን ነው። ለሥጋ ምትክ ፕላስቲክ፣ ለአጥንት ምትክ ደግሞ አሉሚኒየም፣ አዎ፣ ያ የድስታችን አሉሚኒየም፣ ጨረር በመዋጥ ለአጥንት ቅርብ ስለሆነ በተለያየ ውፍረት ተደራርበው ይነሳሉ። ማሽኑ «ይሄን ያህል ሥጋ፣ ይሄን ያህል አጥንት ሲሆን ጥላዎቹ እንዲህ ናቸው» ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላም ቢሆን በየጠዋቱ ከሰው በፊት የሚተኛበት የሰው ሠራሽ አከርካሪ ነው። ቁጥሩ ከ1.5 በመቶ በላይ ከተንሸራተተ የታመመው ማሽኑ ነው ማለት ነው። ስብም ያስቸግራል፤ ስለዚህ ማሽኑ ከአጥንቱ ጎን ያለውን ባዶ ሥጋ እንደ መነሻ ይወስዳል።

በመጨረሻ አያቴን አዲስ አበባ አምጥተን በዴክሳ ተነሱ። የዳሌያቸው ውጤት −2.8። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መስፈርት ከ−2.5 ጀምሮ ወደ ታች የአጥንት መሳሳት በሽታ ነው።

«−2.8 ከምን?» ብዬ ፈለግሁ። ለዳሌ አጥንት መነጻጸሪያዎቹ ከ20 እስከ 29 ዓመት ያሉ ነጭ አሜሪካዊያን ሴቶች ናቸው። ማሽኑ ደግሞ የሚለካው በካሬ ሴንቲሜትር ስንት ግራም እንደሆነ ነው፤ የአጥንቱን ጥልቀት አያይም። አያቴ ደግሞ ትንሽዬ ሴት ናቸው፤ ትንሽ አጥንት በዚህ አለካክ ከሆነው በላይ የሳሳ ይመስላል። ይሄ ሁሉ ገብቶኝም መድኃኒቱ ይቅር አላልኩም። የጎበጠው ጀርባ ፊቴ ነበር።

ማታ ቡና ላይ የውጤቱን ወረቀት አስረዳኋቸው።

«ከማን ጋር ነው ያስተያዩኝ?» አሉኝ።

«ከአሜሪካ ወጣት ሴቶች ጋር፣ እምዬ።»

ሳቁ። «እነሱም እንስራ ተሸክመዋል?»

«አልተሸከሙም።»

«እህ» አሉና ክኒኑን ተቀበሉኝ።