የውጭ አገር ቤተ ሰቦችና ሕፃናቶቻቸው በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ምግብ ቤቶች

ከአገሩ ርቆ የሚኖር ቤተ ሰብ ኑሮው እንዴት እንደ ነበረ የሚመረምር ሰው ብዙውን ጊዜ የውል ወረቀትና የደመወዝ መዝገብ ይገልጣል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ከዚያ ያነሰ የሚመስል ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በአዳማና በአካባቢዋ የኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ሕፃናት ልጆቻቸውን ይዘው ከቤት ውጭ ሲመገቡ ምን ይጠብቃቸው ነበር የሚለው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር። በአዋሽ ጣቢያ ግሪኮች ለብዙ ዘመን ያስተዳደሩት ቡፌ የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። ምግቡ የሚቀርበው እንደ ባቡሩ ሰዓት እንጂ እንደ ሕፃኑ ረኀብ ስላልሆነ፣ ልጅ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ማደሪያው የሚመች ብቻ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

የውጭ አገር ሕፃናት በብዛት የመጡት ግን በስኳር ምክንያት ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ያካበተውን ልምድ ይዞ በ1943 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር ተዋዋለ። የወንጂ ፋብሪካ በ1946፣ የሸዋ በ1955፣ የመተሐራ ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ ሁሉም በ1967 ዓ.ም. ተወረሱ። በእነዚያ ዓመታት የሆላንድ ሠራተኞች ከነቤተ ሰባቸው በወንጂ ይኖሩ ነበር። ከግቢያቸው ውጭ መብላት ያማረው ወደ አዳማ ይወጣል፤ ወይም ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ ይወርዳል፤ ረዘም ያለ ዕረፍት ያገኘው ላንጋኖ ይደርሳል። ላንጋኖ ውሃው ቢደፈርስም ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል፣ በመስኖ ቦዮች ዳር ለሚኖሩ ወላጆች ይህ ትልቅ ነገር ነበር። አቶ በቀለ ሞላም በላንጋኖ፣ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ ያቋቋሟቸው ሆቴሎች በዚሁ መንገድ ለሚያልፍ እንግዳ ያገለግሉ ነበር።

የአገራችን ገበታ ለሕፃን የተለየ ሳሕን አያውቅም። ልጅ እጅ ያስታጥባል፤ ቆሞ ያስተናግዳል፤ ከታላላቆቹ በኋላ ይበላል፤ እስከዚያው ጉርሻ ይቀበላል። ቡና ቤትም መጠጥ ያለበት ስለሆነ ልጅ ይዘው የሚሄዱበት ስፍራ አልነበረም። ፈረንጆቹ ግን ሕፃኑን ይዘው ገቡ፤ ለብቻው ወንበር፣ ለብቻው ሳሕን፣ በርበሬ የሌለበት ምግብ ጠየቁ። ከችግሩ ያወጣቸው ፓስታ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቆየ በኋላ ማካሮኒና ስጎ በየሆቴሉ ቀርቶ ነበርና፣ በጾም ቀን እንኳ በቲማቲም ስጎ ይገኛል።

ሌላውን ችግር ምግብ አይፈታውም። ሕፃኑ ቢያለቅስ ዞር ብሎ የሚቆጣ ሰው የለም፤ ይልቁንም አስተናጋጇ «ማሙሽ» ብላ ታነሣዋለች፣ ትስመዋለች፣ አንዳንዴም ወደ ማድ ቤት ይዛው ትገባለች፤ ሲመለስ አፉ በእንጀራ ተሞልቶ ይገኛል። ይህን ዛሬም በአዳማ የምናየው ነው። ለአገሬው ፍቅር የሆነው ለእንግዳዋ እናት ግን ግማሹ ዕረፍት፣ ግማሹ ሥጋት ነው። ጉርሻውን ብትከለክል ታስቀይማለች፤ ብትፈቅድ ደግሞ የልጇን ሆድ ትፈራለች።

ይሁን እንጂ እንደ እኛ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው በርበሬውም ጉርሻውም ሳይሆን በብርጭቆ የቀረበው ውሃ ነበር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብዙ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ሲመክር፣ በወንጂ አንዳንድ ጉድጓዶች እስከ 10 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ ተገኝቷል። ጠንቃቃ ወላጅ «የፈላ ውሃ አምጡልን» ይላል፤ ማፍላት ግን ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ ፍሎራይዱ ይጠነክራል። ጉዳቱ የሚብሰው ደግሞ ቋሚ ጥርሳቸው ከድድ ሥር በመሠራት ላይ ባለ ሕፃናት ላይ ነው። በአንድ ቀን ምሳ የሚደርስ ነገር የለም፤ ዓመታት ግን ጥርስን ያበልዛሉ፤ ብዙ ዘመን ሲጠጣ አጥንትንም ያጎብጣል።

እዚህ ላይ የእንግዳው ልጅና የአገዳ ቆራጩ ልጅ መንገድ ይለያያል። የመጀመሪያው የአባቱ ውል ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል። ሁለተኛው በካምፑ ተወልዶ ከዚያው ውሃ እየጠጣ ያድጋል፤ ሆቴል የመግባት ዕድሉም ጠባብ ነው። የወንጂ ሠራተኞች የአጥንት ሕመም በሐኪሞች ጽሑፍ ከወጣ በኋላ የፍሎራይድ ማጣሪያዎች በመንደሮቹ ተተከሉ። አዳማም የአዋሽን ወንዝ ውሃ አጣርታ መጠጣት ጀመረች። በከተማዋ ምግብ ቤቶች ዛሬ አስተናጋጁ ሳይጠየቅ የታሸገ ውሃ ያቀርባል፤ በዚያን ዘመን በወንጂ ካምፖች ያደጉት ሰዎች ግን ሲስቁ ቡናማው ጥርሳቸው አሁንም ይታያል።