ውሃና ሞተር በአዋሽ ሸለቆ

መኪና በውሃ ሊነዳ ይችላልን? የነዳጅ ዋጋ በናረና በየማደያው ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ይህ ጥያቄ በአዳማና በአካባቢዋ ከተሞች ከጋራዥ እስከ ሳይንስ ክፍል ድረስ ይነሣል። በውሃ የሚሠራ ሞተር ፈለሰፍን የሚሉ ሰዎችም በየአገሩ ታይተዋል። ከነዚህ አንዱ አሜሪካዊው ስታንሊ ሜየር ሲሆን፣ መኪናዬ በውሃ ይሄዳል ብሎ ከባለገንዘቦች ገንዘብ ከሰበሰበ በኋላ የኦሃዮ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 አጭበርብረሃልና መልስ ሲል ፈርዶበታል። ሆኖም ጥያቄው በፌዝ የሚታለፍ አይደለም። በአዋሽ ሸለቆ ውሃና መንኰራኩር የቆየ ዝምድና አላቸውና።

አዳማ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ እንደ ሞጆ፣ አዳማና አዋሽ ያሉት ጣቢያዎች ቀስ በቀስ ወደ ከተማነት አደጉ። የዚያ ዘመን ባቡር የሚሠራው በእንፋሎት ስለ ነበረ በየመንገዱ ውሃ መሙላት ግድ ነበር። ይህን ያየ ሰው ባቡሩን የሚገፋው ውሃው ነው ቢል አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ምድጃው ውስጥ ነበር፤ የሚነደው ማገዶ ወይም የድንጋይ ከሰል ሲሆን፣ ውሃው የእሳቱን ጉልበት ለመዘውሩ የሚያደርስ ተሸካሚ ብቻ ነበር። ዛሬም ብዙዎችን የሚያሳስተው የነዳጅና የተሸካሚ ልዩነት ነው።

ውሃ ነዳጅ የማይሆንበት ምክንያት ቀድሞውኑ የነደደ ነገር በመሆኑ ነው። ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር ሲቃጠል የሚቀረው ውሃ ነው፤ እንግዲህ ውሃን እንደ ገና ማንደድ ዐመድን መልሶ ከማንደድ አይለይም። እርግጥ ነው፣ 9 ሊትር ያህል ውሃ በኤሌክትሪክ ቢከፈል 1 ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ይገኝበታል። ይህን ለማድረግ ግን በተግባር 50 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፤ ሃይድሮጅኑ መልሶ የሚሰጠው ግን ከ33 ኪሎዋት ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ከዚያም ላይ ተራ ሞተር አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ያባክነዋል። በመኪናው ባትሪ እየሠራ ከመኪናው ውሃ ጉልበት አተርፋለሁ የሚል ሰው፣ አሥር ብር አውጥቶ ስድስት ብር የሚያገኝ ነጋዴን ይመስላል።

ውሃ ጉልበት የሚሆነው ከከፍታ ሲወርድ ነው። ከአዳማ በስተደቡብ የሚገኘው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋዋት ያህል ያመነጭ ነበር። ግድቡ የተሠራው ኢጣልያ ለጦርነት ካሣ በከፈለችው ገንዘብ ነው፤ በዚህም ምክንያት ታሪኩ ከሞተርና ከሽቦ ታሪክ በላይ ነው። በኋላም አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት ከግድቡ በታች ተሠርተው፣ አንዱ ውሃ ሦስት ጊዜ መዘውር እንዲያዞር ተደረገ።

ሌላው የውሃ መንገድ በሸንኮራ አገዳ በኩል ያልፋል። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ፣ በኋላም በመተሐራ ስኳር ማምረት ጀመረ። ከስኳሩ የሚተርፈው ሞላሰስ ሲብላላና ሲጣራ ኢታኖል ይሆናል። ከ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ቀውስ በኋላ ብራዚል ከአገዳዋ ሰፊ የኢታኖል መርሐ ግብር ስትነድፍ፣ በኢትዮጵያ ያው ቀውስ የአዲስ አበባን ባለታክሲዎች በየካቲት ወር ለአድማ አነሣሥቶ ለአብዮቱ መፈንዳት አንድ ምክንያት ሆነ። ኢታኖል ከቤንዚን ጋር በ5 በመቶ መጠን ተቀላቅሎ በአዲስ አበባ መሸጥ የጀመረው ግን በ2001 ዓ.ም. ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ፤ መተሐራም በዚያው ዘመን አምራች ሆነ። በአዋሽ ውሃ የበቀለ ነዳጅ መኪና ነዳ ማለት ይቻላል። የአገዳው እርሻ የተዘረጋው ግን ባዶ ምድር ላይ አልነበረም፤ በወንጂ የጅሌ፣ በመተሐራ የከረዩ ከብት አርቢዎች የበጋ ግጦሻቸውንና ወደ ወንዙ የሚወርዱበትን መንገድ አጥተዋል። የነዳጁ ዋጋ ሲሰላ ይህ ወጪ በማደያው ሰሌዳ ላይ አይጻፍም።

በዝዋይና በላንጋኖ መካከል፣ በአሉቶ፣ ከምድር ጥልቅ የሚወጣው እንፋሎት ከ7 ሜጋዋት ጥቂት በሚበልጥ የሙከራ ጣቢያ ኤሌክትሪክ ሆኗል፤ ጣቢያው ግን ለብዙ ጊዜ ቆሞ ነበር። የአዳማ የነፋስ ጣቢያዎች፣ 51 እና 153 ሜጋዋት፣ የተሻለ ዕድል ገጥሟቸዋል።

በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡር የጅቡቲን መስመር ተረከበ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ለ1 ኪሎ ሃይድሮጅን የሚጠፋው 50 ኪሎዋት ሰዓት በቀጥታ ባትሪ ቢሞላበት፣ አንድን አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና 300 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል፤ ሃይድሮጅኑ ራሱ በዘመናዊ መኪና የሚያስኬደው ግን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዳማ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ አሽከርካሪ ልዩነቱን በቀላሉ ይረዳዋል። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ በመሆኑም መኪናው በተዘዋዋሪ በውሃ ይነዳል። ቆቃ በበኩሉ ከደጋው እርሻ በሚታጠብ አፈር እየተደለለ የመያዝ አቅሙን ብዙ ቀንሷል፤ በአዋሽ ምንጭ ዙሪያ ያለው ገበሬ የሚሠራው እርከን በታችኛው ተርባይን ላይ የሚደርሰውን የውሃ መጠን ይወስናል።