ጣቱ የእርሳቸው፣ ቃሉ የማን?

እኛ የአይከል ልጆች «ፊርማ» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ቀለም የነካው የአያቶቻችን አውራ ጣት ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ግን ርስት የሸጠ ሰው ጣቱንም ብዕሩንም አያነሣም ነበር። ሽያጩ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ባዶ ቦታ ላይ ይጻፋል፤ ሻጭ፣ ገዢ፣ ምስክርና ዋስ በስም ይሰፍራሉ። ያኔ የፎርጅድ ጠላቱ የሰው ትዝታ ነበር።

ዛሬ «ፊርማው የኔ አይደለም» ብለን ብንክድ መርማሪው ከጠቡ በፊት የፈረምናቸውን ወረቀቶች ይሰበስባል። የብዕሩን ፍጥነት፣ ጫናና የተነሣበትን ቦታ ያነጻጽራል። አስመስሎ የሚፈርም እጅ ይዘገያል፣ ይንቀጠቀጣል። የሚገርመው፣ ሁለት ፊርማዎች ፍጹም አንድ ሲሆኑም ያስጠረጥራሉ፤ የሰው እጅ ሁለቴ እኩል አይፈርምማ!

ለአያቶቻችን ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ጣቱ የእርሳቸው ነው፤ ከበላዩ ያለውን ቃል ግን አላነበቡትም። ለዚህ ነው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የጣት ምልክት በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ያለው።

እናም ወዳጆች፣ አያታችን ጣታቸውን ቀለም ከማስነካታቸው በፊት ወረቀቱን እናንብብላቸው። ፊደል የቆጠርነው ለመቼ ነው?