ከሕግ መምህርነት ወደ ዩኒቨርሲቲ አመራር

በላሊበላ ዙሪያ ባለው የላስታ ደጋ የርስት ሙግት ሲነሣ፣ ባለጉዳዮች ወሰን የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ያቀርቡ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ግን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ፤ በቁጥር 3347ም፣ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሻረ። ይህን 3,367 አንቀጽ ያለው ሕግ የሚተረጉሙ ባለሙያዎች ግን ገና መሠልጠን ነበረባቸው።

በ1956 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት፣ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምሩ የነበሩት አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ጄምስ ፖል የመጀመሪያው ዲን ሆኑ። በእርሳቸው ዘመን የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት መታተም ጀመረ፤ ማስተማሪያ ጽሑፎችም ከአገሪቱ ሕግጋት ተዘጋጁ። ከዲንነታቸውም በኋላ የዩኒቨርሲቲው የአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ። ሊቃውንት በግዕዝ ሲያስተምሩት የኖረው ፍትሐ ነገሥትም በአባ ጳውሎስ ጻድዋ ተተርጉሞ፣ በፋኩልቲው አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዝኛ ታተመ።

ሥራው ታላቅ ቢሆንም ወሰን ነበረው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ስለ ነበር ከላስታው ባለርስት ቋንቋ የራቀ ነበር፤ የርስቱም ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ አከተመ። ፋኩልቲው ግን በኢትዮጵያውያን መምህራን እጅ ቀጠለ። ፕሮፌሰሩም ሊመሰገኑ የሚገባቸው፣ የመሠረቱት ተቋም እርሳቸው ከሄዱ በኋላ በተተኪዎች በመጽናቱ ነው።

እኛም መሐንዲሶች ከውጭ ያመጣነውን ደንብ በደጋው ላይ ስንዘረጋ፣ ወሰኑን የሚያውቁትን ሽማግሌዎች አስቀድመን መጠየቅ፣ ተተኪውንም ማሠልጠን ይገባናል።