የተነከሰው ልጅ በየትኛው እድር ነው?

የቆሎ ተማሪ ዱላ የሚይዘው ለጌጥ አይደለም። ደብረ ኤልያስ ድረስ ቅኔ ሊቆጥር ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲቆም፣ ከቤቱ እመቤት ቀድሞ የሚወጣው ውሻው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁን ጨምሮ ብዙ የተማረ ሰው በዚያ ደብር አልፏል። ውሻ ያላባረረው ተማሪ ግን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ልጁ ከተነከሰ ወጪው የማን ነው? ክትባቱ ተከታታይ መርፌ ነው፤ መመላለሻም ይፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 መልሱን በግልጽ ያስቀምጣል፤ እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ሳያስበው ቢያመልጠውም ተጠያቂ ነው። ወረድ ብሎ ግን አንድ መውጫ በር አለ፦ ጥፋቱ የራሱ ካልሆነ፣ ባለቤቱ እንስሳውን ለተጎዳው ሰው አስረክቦ ከኃላፊነት ሊወጣ ይችላል። በሬ ቢሆን ደግ። የቆሎ ተማሪ የነከሰውን ውሻ ተረክቦ ምን ያደርገዋል?

ልብ በሉ፤ ይህ ሕግ የውሻውን ዘር አይጠይቅም። ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21ም ስለ ተዋጊ በሬ ሲደነግግ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ በሬው ከዚህ በፊት ይወጋ ነበር ወይ? ባለቤቱስ ተነግሮት ነበር ወይ? ፍርዱ በሥራውና በባለቤቱ ዕውቀት እንጂ በመልኩ አይደለም።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1991 ከዚህ መንገድ ወጡ። በዚያ ዓመት ውሾች በሰው ላይ ያደረሱት ከባድ ጉዳት ሕዝቡን አስቆጣ፤ ፓርላማውም በጥድፊያ የአደገኛ ውሾች ሕግ አወጣ። ፒትቡል፣ የጃፓን ቶሳ፣ ዶጎ አርጀንቲኖና ፊላ ብራዚሌሮ ተከለከሉ። ማንንም ያልነከሰ ውሻ በመልኩና በቁመናው ብቻ ሊያዝ ሆነ። ከሁሉም የከፋው የማስረዳት ሸክሙ ነበር፤ ከሳሽ «ይህ ፒትቡል ነው» ካለ፣ አይደለም ብሎ የማስረዳቱ ዕዳ የወደቀው በባለቤቱ ላይ ነው። ይህን ለማድረግ ጠበቃ ያስፈልጋል፣ ውሻውን ለክቶ የሚመሰክር ባለሙያም ያስፈልጋል። ለሠራተኛ ቤተሰብ የማይታሰብ ገንዘብ ነው።

በለንደን ዴምፕሲ የምትባል ፒትቡል ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1992 ባለቤቷ ሳትኖር በሌላ ሰው እጅ ስትንሸራሸር አመማት፤ እንድታስመልስ አፏ ላይ የታሰረው ማፈኛ ተፈታ። ማንንም አልነከሰችም። ያኔ ሕጉ ለዳኛው ምርጫ ስላልሰጠው ሞት ተፈረደባት። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከባለል ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ፈጀ፤ በኅዳር 1995 ነጻ ወጣች። ሕጉ በ1997 ተሻሽሎ ዳኞች ውሻን በገደብ እንዲያኖሩ ሥልጣን አገኙ።

የተከለከሉ ውሾች ባለቤቶች ለጠበቃ ገንዘብ ማዋጣት የያዙት በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ብቻውን የማይችለውን ሰው ለመደገፍ ተሰባስቦ ማዋጣት ለኛ አዲስ አይደለም። እድር ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከአዲስ አበባ አልፎ በየከተማው ሲስፋፋ፣ መሠረቱ ያው ነበር፦ ቀብር አንድን ቤት ያራቁታል፣ መቶ ቤት ሲካፈለው ግን አይከብድም። በገጠርም የገበሬ በሬ እግሩ ሲሰበር ጎረቤት ሥጋውን በቅርጫ ተከፋፍሎ ገንዘቡን ለባለበሬው ይሰበስብለታል።

የእንግሊዞቹ የጠበቃ መዋጮ ግን የሚያድነው ውሻውንና ባለቤቱን ነው። የተነከሰው ሰው በመዝገቡ የለም። ለእሱ ያሰበው፣ የሚገርመው፣ ያው የተወቀሰው ሕግ ነው፤ የተከለከለ ውሻ በፈቃድ የሚያኖር ሰው ለሦስተኛ ወገን ጉዳት መድን እንዲገባ አስገደደ። ኤክስኤል ቡሊ የሚባለው ዝርያ በ2023 መጨረሻ ወደ ዝርዝሩ ሲገባም እንዲሁ ሆነ፦ 92 ፓውንድ ከ40 ሳንቲም የማመልከቻ ክፍያ፣ ማምከን፣ ማፈኛ፣ ከዚያ መድን። ብዙዎች መድኑን ያገኙት ዶግስ ትረስት ለተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዓመታዊ የአባልነት መዋጮ እየከፈሉ ነው። ይህኛው መዋጮ ወደ እድር ይጠጋ ነበር፤ ያውም ገንዘቡ የሚደርሰው አባል ላልሆነ ሰው ነበር።

የዘር ዝርዝሩን መኮረጅ አያስፈልገንም። ኔዘርላንድና ጣሊያንም ሞክረውት ከተዉት ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗል። በጎጃም ደጅ የታሰረው ውሻ ዘሩ የማይታወቅ ያገር ውሻ ነው። በየከተማው የተለመደው መፍትሔ ደግሞ «ውሻችሁን እሰሩ» ብሎ በድምፅ ማጉያ መለፈፍና ሌሊት የተመረዘ ሥጋ መበተን ነው። ይህ ለተነከሰው ሰው አንዲት መርፌ አልገዛም።

በደብረ ኤልያስ ውሻ ያለው ቤት ሁሉ በወር ጥቂት ብር ቢያዋጣ፣ በመጀመሪያ ውሾቹን ማስከተብ፣ ቀጥሎ የተነከሰን ሰው ማሳከም ይቻላል። እድሮች መዝገብም፣ ዳኛም፣ ገንዘብ ያዥም አላቸው፤ የሚጎድለው በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ነው። አንቀጹን የሚጽፉት ግን ባለውሾቹ ናቸው። ተማሪው እዚያ ስብሰባ ላይ ዘመድ የለውም፤ የእድር አባልም አይደለም፣ የመጣው ከሌላ አገር ነው።