የክሊቭላንድ ልጆች አጥንት

እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1942 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ የብዙ ልጆች እጅ በኤክስሬይ ተነሳ። ልጆቹ በአብዛኛው ነጮችና ኑሮ የተደላደለላቸው ነበሩ። ዊሊያም ግሩሊክና ሳራ ፓይል ምስሎቹን በዕድሜ ቅደም ተከተል ደርድረው እ.ኤ.አ. በ1950 በመጽሐፍ አወጡ። ዓላማው ሕክምና ነበር፤ ዕድሜው የታወቀ ልጅ እድገቱ ዘግይቶ እንደሆነ ለማየት።

በኋላ ይኸው መጽሐፍ ወደ አውሮፓ የጥገኝነት ጉዳዮች ገባ። ጥያቄውም ተገለበጠ። ከዕድሜ ተነስቶ አጥንትን ያይ የነበረ ሐኪም፣ ከአጥንት ተነስቶ ዕድሜ እንዲናገር ተጠየቀ። አጥንት ግን የልደት ቀን አይጻፍበትም። የአንዱ ልጅ እጅ 18 ሳይሞላው እድገቱን ይጨርሳል፤ የሌላው ከዚያም ያልፋል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት በመሠረቱ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ሕፃን ይለዋል። ብቻውን የተሰደደ ልጅ 17 ነው ከተባለ ሞግዚትና ትምህርት ቤት ያገኛል። 18 ከተባለ ከማያውቃቸው አዋቂዎች ጋር ያድራል፤ ማቆያ ሊገባም ይችላል።

ሕግ ቀስ በቀስ ነቅቷል። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 የዕድሜ ክርክር የፍሬ ነገር ጥያቄ ስለሆነ የመጨረሻው ቃል የፍርድ ቤት ነው አለ። ፈረንሳይ በ2016 ያወጣችው ሕግ ደግሞ የአጥንት ምርመራ ብቻውን ልጅን አዋቂ ሊያሰኝ እንደማይችል፣ ጥርጣሬ ሲኖርም ለልጁ እንደሚያደላ ይደነግጋል።

አጥንቱ ካልታመነ ወረቀት ይምጣ ይባላል። ለኢትዮጵያዊ ልጅ ጣጣው እዚህ ይብሳል። በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በገጠር የተወለደ ልጅ ሰርተፊኬት ከየት ያመጣል? የዘመን አቆጣጠሩም አለ። መስከረም 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2007 ልጅ ነው። ጸሐፊው ሳይቀይር «2000» ብሎ ከመዘገበ፣ የ16 ዓመቱ ልጅ በአንድ መስመር 23 ይሆናል። በኋላ ላስተካክል ሲል «ቃሉን ቀየረ» ይባላል።

የመንግሥታት ስጋት ከንቱ አይደለም፤ አዋቂ ከልጆች ጋር ቢያድር አደጋ አለው። ነገር ግን ተሳስቶ ከልጆች ጋር የተመደበ አዋቂ ሲታወቅ ይዛወራል። በማቆያ ያለፈ የልጅነት ዓመት ግን አይመለስም። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ዓመቱ ነው?» ብቻ ሳይሆን «ስህተት ቢፈጠር ዕዳውን ማን ይሸከም?» የሚልም ነው።